ፌኖባርብ የሚወስድ ሰው እጁ ሲሰንፍ፦ ችግሩና መፍትሄው

ለሚጥል በሽታ ፌኖባርብ የሚወስድ ሰው እጄ ከበደኝ ሲል ቤተሰብ ቶሎ የሚለው "ኪኒኑ ነው ያሰነፈው" ነው፣ ከዛ ኪኒኑ ይቆማል፣ ዋናው አደጋ የሚመጣውም እዚህ ጋ ነው። ፌኖባርብ ባርቢቹሬት ከሚባሉት መድሃኒቶች አንዱ ነው፣ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ እላይ በላይ እየደጋገመ ሊጥለው ይችላል፣ ይሄ ደሞ ይገድላል። እባካችሁ በራሳችሁ አታቁሙ፣ መጀመሪያ ምክንያቱ ይለይ።

አንድ እጅ ብቻ ከሆነ
ጁን ዋዳ የሚባል ሐኪም በ1949 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ምርመራ አለ፣ የፌኖባርብ ዘመድ የሆነውን አሞባርቢታል በአንገት የደም ቧንቧ ወደ አንዱ የአንጎል ጎን ሲሰጡት ታካሚው ዘርግቶት የነበረው የተቃራኒው ጎን እጅ ዱብ ይላል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ይመለሳል። የሚዋጠው ኪኒን ግን ሁለቱንም ጎን ነው የሚያዳርሰው፣ ሲበዛ እንቅልፍ፣ መንገዳገድና የምላስ መተሳሰር ያመጣል እንጂ አንድ እጅ ለይቶ አያሰንፍም። ስለዚህ ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

ከጣለው በኋላ ወዲያው ከሰነፈ
የቶድ ሽባነት (ከጣለው በኋላ ለጊዜው የሚመጣ ስንፈት) ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ፣ ቢቆይ በ1 ወይ 2 ቀን ይለቃል። ግን ስትሮክም ይሄንኑ ይመስላል፣ እንዲህ ሲሰንፍ የመጀመሪያው ከሆነ ወይ አፉ ከተጣመመ ወይ ንግግሩ ከተበላሸ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዱት።

ትከሻው አልዞር ካለ
ይሄ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ሲንቀጠቀጥ የራሱ ጡንቻ ጎትቶ ትከሻውን ወደ ኋላ ሊያወልቀው ይችላል፣ ምንም ነገር ሳይመታው። ክርኑን አጥፎ ጎኑ ላይ ያስጠጋና ክንዱን ወደ ውጭ እንዲያዞር ጠይቁት፣ እንቢ ካለው ይሄን ጠርጥሩ። ከፊት ብቻ የተነሳ ራጅ ደህና ሊመስል ስለሚችል በጎን በኩልም እንዲነሳ ጠይቁ፣ አጥንቱም ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ወጌሻ አይሸው።

በወራት ቀስ እያለ ከደረቀ
እዚህ ጋ ኪኒኑ ራሱ ተጠርጣሪ ነው። ፌኖባርብ ትከሻ እንደሚያደርቅ፣ እጅ እንደሚያሳብጥ፣ የመዳፍ ጅማት እንደሚያሳጥርና ጣት እንደሚያጥፍ ከተጻፈ ቆይቷል። ሐኪሙ ሌላ መድሃኒት እያስገባ በሳምንታት ቀስ እያደረገ ሲቀንሰው ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ ትከሻውን ማንቀሳቀስም ይረዳል።

ሁለቱም ክንድ ከሆነ
ፀጉር ማበጠርና ከበርጩማ መነሳት ከከበደ ቫይታሚን ዲ ይታይ፣ ፌኖባርብ ለዓመታት ሲወሰድ ጉበት ቫይታሚኑን ቶሎ ቶሎ እንዲጨርሰው ያደርጋል። ከከባድ የሆድ ሕመምና ከቀላ ወይ ከጠቆረ ሽንት ጋር ከመጣ ግን ፖርፊሪያ የሚባል ብርቅ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ባርቢቹሬት ይቀሰቅሰዋል፣ ኪኒኑ በቶሎ መቆም ያለበት እዚህ ነው፣ እሱም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ በሐኪም እጅ።