የቮልስ የፊት መብራት ሪሌ ሲቀየር የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት ነው፤ መብራቱ እምቢ ሲል ጥፋቱን ሁሉ በሪሌው (በኤሌክትሪክ በሚሠራው የመብራት መቀያየሪያ) ላይ ማላከክ። እኔ ራሴ ደህናውን ሪሌ ጥዬ ሌላ ገዛሁ። አዲሱም እንደ አሮጌው ዝም ሲለኝ ነው ነገሩን በእርጋታ ማየት የጀመርኩት። ችግሩ የፍሬቻው ዘንግ ውስጥ ያለች የቆሸሸች መገናኛ ነበረች።

ረጅምና አጭር መብራት የሚያለዋውጠው የቮልስ ሪሌ (በጣም የቆዩት ቮልሶች በእግር የሚረገጥ ቁልፍ ነበራቸው) ከሌሎች ሪሌዎች ጠባዩ ይለያል። የፍሬቻውን ዘንግ ወደ መሪው ሳብ ባደረጉ ቁጥር ቀጭ ብሎ ይገለበጣል፤ ዘንጉን ቢለቁትም በተገለበጠበት ይቆያል። የዘንጉ ድርሻ አንድ ብቻ ነው፤ ኤስ (S) የሚል ፊደል ካለበት የሪሌው እግር የሚመጣውን ሽቦ ለቅጽበት ከማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት፣ ጋር ማገናኘት። ስለዚህ ምንም ነገር ሳይፈቱ መብራቱን አብሩና ያንን እግር በቁራጭ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር አነካኩት። መብራቱ ከተለወጠ ሪሌው ጤነኛ ነው፤ ገንዘብዎ ኪስዎ ውስጥ ይቆይ። ፊደሉን ግን አጥርተው ያንብቡ፤ በስህተት ሌላ እግር ከማሳ ጋር ካነካኩ የሚወጣው ብልጭታ ያስደነግጣል።

አንድ ወገን ብቻ ከጠፋም ሪሌውን አይንኩት። ቮልስ ላይ የፊት መብራት ፊውዞች የሚገኙት ከሪሌው በኋላ ነው፤ ለግራና ለቀኝ፣ ለረጅምና ለአጭር እየተለዩ አራት ናቸው። የድሮዎቹ ጫፈ ሹል ፊውዞች ሳይቃጠሉም ጫፋቸው ይዝጋል። ብዙ ጊዜ ፊውዙን በጣት ሁለት ሦስት ጊዜ ማሽከርከር ብቻ መብራቱን ይመልሰዋል።

ይኸው የፊውዞቹ አቀማመጥ ሁለተኛውን ስህተት አደገኛ ያደርገዋል፤ ባትሪውን ሳይነቅሉ መሥራት። ከባትሪው ተነሥቶ እስከ ሪሌው የሚደርሰውን መስመር የሚጠብቅ ፊውዝ የለም። «ማብሪያውን አጥፍቻለሁ» ማለትም አያድንም፤ ሪሌው 30 የሚል ቁጥር ያለበት እግር ካለው፣ እሱ ቁልፍ ቢነቀልም ኤሌክትሪክ እንደያዘ ነው። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ስለሆነ ሰው መቀመጫ ማንሣት ይሰለቸዋል። ይነሣ፤ የኔጌቲቩ ገመድም ይፈታ። ሲመልሱት የባትሪውን ክዳን አይርሱ። የመቀመጫው የብረት ስፕሪንግ ከኋላ በተቀመጠ ሰው ክብደት ዝቅ ብሎ ፖዘቲቩን በመንካቱ የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ።

ሦስተኛው ስህተት ሪሌን በመልኩ መግዛት ነው። ሶማሌ ተራ ሄደው «የመብራት ሪሌ» ካሉ ባለ አራት እግር ጥቁር ሳጥን ሊሰጥዎ ይችላል። ያ ሪሌ 85 እና 86 በሚሉት እግሮቹ ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ብቻ 30ን ከ87 ጋር ያገናኛል፤ ሲቋረጥበት ይለቃል። እንደ ቮልሱ ተገልብጦ አይቆይም። አምስተኛ እግር ካለውና 87ኤ ካለ ደግሞ እሱ የሚሠራው በተቃራኒው፣ ሪሌው ሲያርፍ ነው። መብራቱን እዚያ ላይ ያሰረ ሰው ማብሪያውን ሲያጠፋ መብራቱ ይበራለታል። አሮጌውን ይዞ ሄዶ ቁጥር ከቁጥር ማስተያየት ይሻላል።

ቮልቱም አለ። የቀድሞዎቹ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ነበሩ፤ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ (በፈረንጆች አቆጣጠር) አብዛኞቹ ወደ 12 ተዛወሩ፤ በኋላ በጋራዥ የተለወጡም ሞልተዋል። ስለዚህ ሊብሬ ላይ የተጻፈውን ዓመት ሳይሆን ባትሪውን ይመኑ፤ የውሃ መሙያ ክዳኑ ሦስት ከሆነ 6 ቮልት ነው፣ ስድስት ከሆነ 12። የ12 ቮልቱ ሪሌ በ6 ቮልት አይነሣም፤ የ6ቱ በ12 ላይ ግሎ ይቃጠላል።

ሽቦ ሲነቅሉ በቀለም ብቻ መተማመንም ያሳስታል። ከፋብሪካ ሲወጣ ነጩ የረጅም፣ ቢጫው የአጭር መብራት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስንት እጅ ገብቶበታል! ከሪሌው እግሮች 56 መግቢያ፣ 56ኤ (56a) ረጅም፣ 56ቢ (56b) አጭር መሆኑን ይያዙና ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ።

ብርሃኑ ስለደከመ ብቻ ትልቅ አምፖል መጨመር ደግሞ አዲሱን ሪሌ ለመግደል አጭሩ መንገድ ነው። በ45 ዋት ሁለት አምፖል በ12 ቮልት 7.5 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በ100 ዋት ግን ወደ 17 ይጠጋል። አንዱ የ100 ዋት አምፖል ብቻውን ነጩን የ8 አምፔር ፊውዝ ያልፈዋል። ያኔ አንዱ ብልህ ቀዩን ባለ 16 ይተካል፣ ሌላው ፊውዙ ላይ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ይጠቀልላል፤ ቀጥሎ የሚነደው ሽቦው ነው። የድካሙ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ በሽቦውና በመገናኛዎቹ ላይ የሚጠፋው ቮልት ነው፤ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የመብራቱን ማሳ ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ፣ የላሉትን የሽቦ ጫፎች በፒንሳ ጠበቅ ያድርጉ።

ሪሌውንና ሽቦዎቹን የሚሸፍነውን ካርቶን ለመመለስ አይቸኩሉ። መብራቱን ለአሥር ደቂቃ ያህል አብርተው ይቆዩና አጥፍተው፣ የባትሪውን ገመድ ዳግም ፈትተው፣ የሪሌውን እግሮች በጣት ይዳስሱ። ለብ ማለት ያለ ነው። ጣትዎ የማይችለው ሙቀት ካለ ግን አንዱ ጫፍ በደንብ አልገባም።