ብሔርተኝነትና የሮማንቲክ ዘመን ሙዚቃ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ቼኮች በቪየና፣ ፊንላንዶችና አብዛኞቹ ፖላንዶች በሩሲያ ዛር ሥር በነበሩበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ፣ የራሳቸው መንግሥት ያልነበራቸው ሕዝቦች የራሳቸው ኦፔራና የራሳቸው የሲምፎኒ ደራሲ ማግኘታቸውን እንደ ትልቅ ድል ይቆጥሩት ነበር። ስለዚህ ሙዚቃ ሲወራ አንዳንድ ስህተቶች ይደጋገማሉ፤ አብዛኞቹም «ብሔራዊ» የተባለው ድምፅ ሰው መርጦና አስቦ የሠራው ሳይሆን ከአፈሩ በራሱ የበቀለ ነው ከሚል እምነት የሚቀዱ ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ዋነኛው ስህተት የአገር ስሜት የሚቀሰቅስን ዜማ ሁሉ የሕዝብ ዘፈን አድርጎ መውሰድ ነው። የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ ቤድርዢህ ስሜታና በ1874 የደረሰው «ቭልታቫ» በዚሁ ስም የሚጠራውን ወንዝ ከምንጩ እስከ ፕራግ እየተከተለ የሚፈስ የኦርኬስትራ ሥራ ሲሆን፣ ዋናው ዜማው ከጥንት የቼክ ገበሬዎች የተወረሰ ይመስላል። ነገር ግን ከ1600 ገደማ ጀምሮ በጣሊያን «ላ ማንቶቫና» ተብሎ ከሚታወቀው ዜማና በብዙ አገሮች ከተሰራጩት ዘመዶቹ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በእስራኤል የሚኖር አንባቢ ቭልታቫን ሲሰማ «ሃቲክቫ» ትዝ ቢለው ጆሮው አላሳሳተውም፤ የብሔራዊ መዝሙሩ ዜማም የዚያው ቤተሰብ ነው። ሌላው ቼክ አንቶኒን ድቮርዣክ በበኩሉ በ1878 ባወጣቸው «የስላቭ ጭፈራዎች» ውስጥ፣ ፉሪያንት የተባለው የቼክ ጭፈራ በሁለትና በሦስት የሚቆጠሩ ምቶችን እያፈራረቀ የሚሄድበትን ስልት ወሰደ እንጂ ዜማዎቹን ከሕዝብ አልቀዳም፤ ራሱ ደረሳቸው። የፊንላንዱ ዣን ሲቤሊየስ «ፊንላንዲያ» መዝሙር መሰል ክፍልም እንዲሁ የደራሲው ፈጠራ ነው። ተቃራኒውም አጋጥሟል፦ ጀርመናዊው ዮሐንስ ብራምስ አምስተኛውን «የሀንጋሪ ጭፈራ» ሲያቀናብር ዜማውን የሕዝብ መስሎት ነበር፤ ዜማው ግን በሕይወት የነበረው የቤላ ኬለር ድርሰት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አንድን ሥራ «ብሔራዊ» ከማለታችን በፊት ደራሲው የወሰደው ዜማውን ነው፣ ምቱን ነው፣ ቅኝቱን ነው ወይስ ርዕሱን ብቻ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከሥራ ሥራ እንደሚለያይ እንረዳለን።

ሁለተኛው ስህተት ደራሲውን በዘሩና በአፍ መፍቻ ቋንቋው መለካት ነው። ስሜታና የተማረው በጀርመንኛ ስለነበረ የቼክን ቋንቋ በሚገባ ለመጻፍ የታገለው ከጎለመሰ በኋላ ነው፤ ሲቤሊየስ ያደገው በስዊድንኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ ማዙርካና ፖሎኔዝ በተባሉት የፖላንድ ጭፈራዎች ላይ በተመሠረቱ ድርሰቶቹ የፖላንድ ድምፅ የሆነው ፍሬደሪክ ሾፓን አባቱ ፈረንሳዊ ነበር። ብሔርተኝነት ለእነዚህ ሰዎች የመረጡት ወገንተኝነት ነበር፤ ይህን ሳያስተውሉ ሥራቸውን መተንተን አስቸጋሪ ይመስለኛል።

ሦስተኛው በሀንጋሪ ጉዳይ የሚሠራው ስህተት፣ ማለትም የከተማውን ሙዚቃ ከገበሬዎች ዘፈን ጋር አንድ አድርጎ ማየት፣ በተለይ የተወሳሰበ ነው። ፍራንዝ ሊስት «ራፕሶዲ» በተባሉት ነፃ ቅርፅ ባላቸው ድርሰቶቹ ያስተዋወቀው ሙዚቃ ሮማ የተባለው ሕዝብ (በተለምዶ «ጂፕሲ» ይባል የነበረው እንጂ የሮም ከተማ ሰዎች አይደሉም) ሙዚቀኞች በከተሞች ይጫወቱት የነበረው ሲሆን፣ እሱም በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ምንጩን ለሮማዎቹ ሰጥቶ ብዙ ሀንጋሪዎችን አስቆጣ። ከ1905 በኋላ ቤላ ባርቶክና ዞልታን ኮዳይ ፎኖግራፍ የተባለውን የድምፅ መቅረጫ ይዘው መንደር ለመንደር ሲዞሩ የቀረጹት የገበሬዎች ዘፈን በቅኝቱም በአካሄዱም ከዚያ የራቀ ነበር። ከዚህ ተነስቶ የሊስትን «ሐሰተኛ» ማለት ግን ሌላ ስህተት ነው፤ የከተማውም ሙዚቃ በዚያው አገር የተወደደና የተጨፈረበት ነበርና።

አራተኛው በኋላ የተነገረን አፈ ታሪክ እንደ ዓይን ምስክር ቃል መቀበል ነው። የጣሊያናዊው ጁዜፔ ቨርዲ ኦፔራ «ናቡኮ» በ1842 በሚላኖ ላ ስካላ ቲያትር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ ተመልካቹ በኦስትሪያ ገዢዎች ላይ ባለው ቁጣ «ቫ፣ ፔንሲዬሮ» የተባለውን የምርኮኞች ኅብረ ዝማሬ እንዲደገም አስገደደ ተብሎ ለብዙ ዘመን ተጽፏል። የሙዚቃ ታሪክ አጥኚው ሮጀር ፓርከር የዘመኑን ጋዜጦች መርምሮ እንዳሳየው ግን ለዚህ ማስረጃ የለም። ዝማሬው የነፃነት ምልክት የሆነው ኋላ ነው፤ ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ሙዚቃው ለምን እንደተጻፈ ሳያጣሩ መልክዓ ምድርን መገመትም ያስታል። የኖርዌያዊውን ኤድቫርድ ግሪግ «ማለዳ» ሰምቶ የኖርዌይን ተራራና ውሃ በዓይነ ኅሊናው የማያይ ሰው ጥቂት ነው፤ ሙዚቃው በተጻፈለትና በ1876 መድረክ ላይ በቀረበው «ፔር ጊንት» ተውኔት ውስጥ ግን ያ ፀሐይ የሚወጣው በሞሮኮ ነው።

በመጨረሻም ብሔርተኝነትን የትናንሽ ሕዝቦች ጉዳይ አድርጎ ጀርመንን «ዓለም አቀፍ» ብሎ መተው በብዙ የሙዚቃ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የሰፈረ ልማድ ነው። በ1868 ለመድረክ የበቃው የሪቻርድ ቫግነር ኦፔራ «የኑረምበርግ ሊቃነ ዜመኞች» የሚደመደመው የጀርመንን ጥበብ ቅዱስ ብሎ በማወደስ ነው፤ ጀርመን አንድ አገር የሆነችው ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር። የጀርመኑ ሚዛን ገለልተኛ መስሎ የታየው ማተሚያ ቤቶቹና ኮንሰርቫቶሪ የሚባሉት የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች በእጁ ስለነበሩ ነው፦ ግሪግ የተማረው በላይፕሲግ ነው፤ የድቮርዣክን ጭፈራዎች ያሳተመው የበርሊኑ ሲምሮክ ነው፤ ያው አሳታሚ የደራሲውን ስም በጀርመንኛ «አንቶን» ብሎ ሲያትም፣ ድቮርዣክ በቼክ አጠራሩ እንዲጻፍለት በደብዳቤ ተከራክሯል።