ኪራይ ያቋረጠ ተከራይ ሲገጥምዎ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር ግቢውን ከፋፍሎ ክፍል የሚያከራይ ሰው፣ ተከራዩ መክፈል ሲያቆም ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ማስወጣት ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ክርክሩ ሲጓተት ክፍሉ ገቢ ሳያስገኝ፣ ውዝፉም ሳይሰበሰብ ይቆያል። ወደዚያ ከመድረስ በፊት ብዙ የሚሞከር ነገር አለ፤ የሚከተሉት ስህተቶች ግን መንገዱን ይዘጋሉ።

የመጀመሪያው በይሉኝታ ዝም ብሎ ከርሞ በቁጣ መነሣት ነው። ቀኑ እንዳለፈ ተከራዩን በአክብሮት ጠርተው ምክንያቱን ይጠይቁት። በጣና ላይ በጀልባ ወይም በአስጎብኚነት የሚተዳደር ሰው ጎብኚ ሲጠፋ ገቢው ይቋረጣል፤ እንዲህ ያለውን እያለው ከማይከፍል ሰው ጋር አንድ አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም።

ከሁሉም የከፋው መብራትና ውሃ መቁረጥ ወይም በሩ ላይ ሌላ ቁልፍ መጨመር ነው። ቆጣሪው በስማቸው ስለሆነ ብቻ ይህን ማድረግ መብታቸው የሚመስላቸው አከራዮች አሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ግን ይዞታው የተነካበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለትና ካሳ እንዲከፈለው የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ገንዘቡን ሊጠይቅ የሚገባው አከራይ በገዛ እጁ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ልጆች ያሉበትን ቤት በጨለማ ማሳደር ግፍ ነው።

ሦስተኛው «ቀስ ብለህ ትከፍላለህ» ብሎ በቃል መለያየት ነው። ወርኃዊ ኪራዩ 4,000 ብር ሆኖ የሦስት ወር ውዝፍ ካለ፣ ተከራዩ ከመደበኛው ኪራይ ጋር በየወሩ 2,000 ብር እየጨመረ 12,000 ብሩን በስድስት ወር እንዲጨርስ መስማማት ይቻላል። ይህ ከነቀኑ ተጽፎ፣ ሁለቱም ወገኖችና ምስክሮች ሊፈርሙበት ይገባል። የክፍያው መጠን ተከራዩ በእርግጥ ከሚያገኘው ገቢ ጋር ካልተመጣጠነ ግን ስምምነቱ በሁለተኛው ወር ይፈርሳል። ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ቢገባ ማስረጃው ይቀመጣል፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ይደነግጋል።

ሽማግሌ ማስገባትንም ለመጨረሻ አያቆዩት፤ ሰው ከተቀያየመ በኋላ ማግባባት ይከብዳል።

ተከራዩ ኪራዩን ጨርሶ የማይችለው ከሆነ፣ በተወሰነ ቀን በፈቃዱ እንዲለቅና ከዕዳው ከፊሉ እንዲማርለት መደራደርን እንደ ሽንፈት አይቁጠሩት፤ ክፍሉ ቶሎ ተለቆ ለሌላ መከራየቱ ከተማረው ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል። በሚለቅበት ዕለት የቆጣሪውን ንባብ አብረው ተመልክተው የመብራትና የውሃ ሂሳቡን ይተሳሰቡ፤ ቁልፉን መረከብዎንና የቀረ ዕዳ መኖር አለመኖሩንም በጽሑፍ አስፍረው ሁለታችሁም ፈርሙበት።