የዩኒቨርሲቲ የጥበብ ሙዚየም ተማሪውን የሚያጣባቸው ስህተቶች

ግቢው ውስጥ ሙዚየም አለ። ተማሪው በየቀኑ በደጁ ያልፋል። አንድ ቀን እንኳ ሳይገባ የሚመረቅም ሞልቷል። ጥፋቱን ተማሪው ላይ ማላከክ ቀላል ነው፤ “የዘንድሮ ልጅ ከስልኩ ቀና አይልም” ይባልና ነገሩ ያልቃል። እኔ ግን ችግሩ ባብዛኛው ከሙዚየሙ በኩል ነው ባይ ነኝ። ደጋግመው የሚታዩት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ሁሉንም ላሳይ ማለት

መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ይመጣል። አስጎብኚው ከፊት ከፊት እየሄደ በአንድ ሰዓት ሠላሳ ሥዕል ያሳያል። ተማሪው ሲወጣ የሚያስታውሰው እግሩን እንዳመመው ነው።

ሃርቫርድ የሚያስተምሩት የጥበብ ታሪክ ምሁር ጄኒፈር ሮበርትስ የሚያዙት የዚህን ተቃራኒ ነው። አንድ ሥዕል ምረጡና ፊቱ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ ይላሉ። ምን ታይቶ ነው ሦስት ሰዓት የሚሞላው? እሳቸው ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1765 በተሠራ የጆን ሲንግልተን ኮፕሊ ሥዕል ሞክረውታል። ሥዕሉ ላይ አንድ ልጅና በሰንሰለት የያዛት ሽኮኮ አሉ። የልጁ ጆሮ ቅርጽ ሽኮኮዋ ሆድ ላይ ካለው ጸጉር ጋር እንደሚመሳሰል ለማስተዋል 9 ደቂቃ ፈጅቶባቸዋል። ከጀርባ ያለው መጋረጃ እጥፋት የልጁን ጆሮና ዓይን እንደሚደግም ያዩት ደግሞ 45 ደቂቃ ያህል ቆይተው ነው። እንጀራቸው ሥዕል ማየት የሆነ ሰው ይህን ያህል ከፈጀባቸው፣ አንዱን ሥዕል በሁለት ደቂቃ የሚያልፍ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ምን ሊያይ ነው?

ሦስት ሰዓት ለሁሉም ኮርስ አይሆንም፤ ይገባኛል። ሠላሳውን ወደ ሦስት ማውረድ ግን የሚያቅት አይደለም። ወንበርም ይቅረብ። ቆሞ የሚያይ ሰው ቶሎ መሄድ ያምረዋል።

ማብራሪያውን ማስቀደም

ባለሙያ የሚያውቀውን ይዞ ዝም ማለት ይከብደዋል። ሠዓሊው ማን ነው፣ መቼ ሠራው፣ ማን ገዛው፣ ትርጉሙ ምንድን ነው... ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል። ተማሪው ከዚያ በኋላ የሚጨምረው ነገር ያለ አይመስለውም። አጎንብሶ ማስታወሻ ይይዛል፤ ሥዕሉን አያየውም።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ አቢጌል ሃውዘን እና የሙዚየም አስተማሪው ፊሊፕ የናዋይን ያዳበሩት የውይይት ዘዴ በሦስት ጥያቄዎች ይሠራል። እዚህ ሥዕል ላይ ምን እየሆነ ነው? ምን አይታችሁ ነው እንዲህ ያላችሁት? ሌላስ ምን እናገኛለን? ዋናዋ ሁለተኛዋ ናት። “ሴትዮዋ አዝናለች” ያለ ተማሪ ትከሻዋን፣ እጇን፣ ብርሃኑ የወደቀበትን ቦታ እያሳየ ማስረዳት አለበት። ጓደኛው “ኧረ ደክሟት ነው” ይላል፤ ክርክሩ ይደራል። መረጃው ያኔ ቢመጣ ጆሮ ያገኛል፤ ምክንያቱም ጠያቂው ተማሪው ራሱ ነው።

እርግጥ ታሪኩን ሳያውቁ ጨርሶ የማይገቡ ሥራዎች አሉ። እነሱ ላይ መረጃ መደበቅ ተማሪን ማሰቃየት ነው።

ሙዚየሙን ለጥበብ ተማሪዎች ብቻ መተው

ኦክስፎርድ ያለው አሽሞሊያን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1683 ሲከፈት፣ ከቅርሶቹ ጋር በአንድ ሕንፃ ውስጥ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራና የማስተማሪያ ክፍል ነበረው። ሙዚየም የአንድ ትምህርት ክፍል ንብረት ነው የሚለው አስተሳሰብ የመጣው በኋላ ነው።

ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቆዳ ሐኪሙ ኧርዊን ብሬቨርማን እና የሙዚየም ባለሙያዋ ሊንዳ ፍሪድላንደር የሕክምና ተማሪዎችን ሥዕል ፊት አቆሙ። ተማሪው መጀመሪያ ያየውን ብቻ ይናገራል፤ መተርጎም በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህን ሥልጠና የወሰዱት ተማሪዎች የበሽተኛ ፎቶ ሲያዩ ካልወሰዱት የተሻለ ዝርዝር ነገር አስተውለዋል። ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ ወደ በሽታው ስም መሮጥ የለበትም፤ ሥዕሉ ላይ የሚለማመደውም ይህንኑ ነው።

የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተማሪም የሚያየው አያጣም። አሜሪካዊው ሠዓሊ ማርክ ሮትኮ ለሃርቫርድ የሠራቸው ትልልቅ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ተሰቀሉና ቀይ ቀለማቸው ደበዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታዩ ግን ማንም ብሩሽ አላነሳባቸውም። በፕሮጀክተር የተሰላ ብርሃን ላያቸው ላይ እየበራ የጠፋውን ቀለም መለሰው። ፕሮጀክተሩ ሲጠፋ የደበዘዘው ሥዕል ተመልሶ ይመጣል። በአንድ ግድግዳ ላይ ስንት የትምህርት ክፍል እንዳለ ቁጠሩት።

መጋዘኑን መቆለፍ

ግድግዳ ላይ የሚወጣው ከስብስቡ ጥቂቱ ነው። በተለይ ወረቀት ላይ የተሠራ ሥራ ብርሃን ስለሚጎዳው፣ አብዛኛውን ጊዜ በ50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ደብዛዛ ብርሃን ለጥቂት ወራት ታይቶ ወደ መሳቢያው ይመለሳል። ቀሪው እዚያው ይተኛል።

መፍትሔው የጥናት ክፍል ነው። መምህሩ ቀደም ብሎ የሚፈልጋቸውን ሥራዎች ያስመዘግባል፤ ሠራተኞቹ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያዘጋጁለታል። ቦርሳ ውጭ ይቀራል፤ እስክሪብቶ ክልክል ነው፤ እርሳስ ይፈቀዳል። ተማሪው ሠዓሊው አጥፍቶ የደገመውን መስመር፣ የወረቀቱን ጠርዝ፣ ከጀርባ ያለውን ማኅተም በቅርብ ያያል። ይህን የትኛውም ስክሪን በወጉ አያሳየውም። ለእኔ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ከሌላው የሚበልጥበት ቦታ ይህ ክፍል ነው። ብዙዎቹ ግን መኖሩን ለመምህራን እንኳ አይነግሩም።

ተማሪን እንደ አደጋ ማየት

ሙዚየሙ ተማሪ ሥዕል ያበላሻል ብሎ ይፈራል። አሜሪካ ያለው ኦበርሊን ኮሌጅ ግን እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ለተማሪዎቹ ሥዕል ያከራያል። ዋጋው ለአንድ ሴሚስተር 5 ዶላር ነው። ከሚሄዱት መካከል የፒካሶ ሥራ አለ፤ የሚሰቀለውም ዶርም ውስጥ ነው! ተማሪዎቹ ወረፋ እንዳያመልጣቸው ከዋዜማው ጀምረው ደጅ ያድራሉ። ሌላው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ኤም አይ ቲ ደግሞ ከ600 በላይ ሥራዎችን ለዚሁ መድቧል፤ ዕጣ የወጣለት በነፃ ይወስዳል። ሁሉም ሥራ አይዋስም፤ ለዚህ የሚሆነው ተለይቶ ይቀመጣል። መስታወቱና ክፈፉም ጠንካራ መሆን አለበት።

በር ላይ ጭንቅላት መቁጠር

መክፈቻ ቀን ሙዚቃና ነፃ ምግብ ካለ አዳራሹ ጢም ይላል። በማግስቱ ጭር። ቁጥሩ ለሪፖርት ያምራል፤ ስለ ትምህርቱ ግን ምንም አይነግርም። ሁለት ነገር ቢመዘገብ ይሻላል። በክፍል የመጣ ተማሪ በኋላ ብቻውን ተመልሷል ወይ? መምህሩስ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሳይለመን ቀጠሮ ይይዛል?