የአንደኛ ዓመት የቢዝነስ ተማሪ የትምህርትና የአመራር ግቡን እንዴት ያውጣ?

በዚህ ዓመት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ቢዝነስ ለማጥናት ያሰባችሁ ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ግባችሁ ምንድን ነው?» ተብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። አብዛኛው ተማሪ «ጥሩ ውጤት ማምጣትና ጥሩ መሪ መሆን» ብሎ ይመልሳል። ምኞቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተሳክቷል ወይም አልተሳካም ብሎ ለመፍረድ የሚያስችል ነገር ስለሌለው ገና ግብ አልሆነም። ግብ የሚመዘንበት ቀን ሊኖረው፣ ከባለቤቱ ሌላም የሚመዝነው ሰው ሊኖር ይገባል። ከዚህ በታች ያለው ምክር በሙሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው የቢዝነስ ትምህርት አለመሆኑ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሥርዓት ፍሬሽማን ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ኢንተርፕረነርሺፕና የመሳሰሉትን የጋራ ኮርሶች ይወስዳል፤ አካውንቲንግና ፋይናንስ፣ ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግ ወይም ሎጂስቲክስ የሚለው የዲፓርትመንት ምርጫ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ፈላጊ የሚበዛባቸውን ዲፓርትመንቶች ለማግኘት ውጤት ወሳኝ ነው። ስለዚህ «እነዚህ ኮርሶች ከቢዝነስ ጋር ምን አገናኛቸው?» እያሉ ሳይኮሎጂን ወይም ጂኦግራፊን ችላ ማለት የሚፈልጉትን ዲፓርትመንት ሊያሳጣ የሚችል ስሕተት ነው።

የትምህርት ግባችሁን ስታወጡ ከጠቅላላው ነጥብ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ኮርስ ጀምሩ። ባለ 3 ክሬዲት አራት ኮርሶችን ለምሳሌ እንውሰድ፤ የግሬዱ ነጥብ (ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ሲ 2) በክሬዲቱ ይባዛል። በሒሳብና በሳይኮሎጂ ቢ፣ በእንግሊዝኛ ቢ ፕላስ፣ በኢኮኖሚክስ ኤ ማይነስ ያገኘ ተማሪ 9፣ 9፣ 10.5 እና 11.25 ይደምራል፤ 39.75 ለ12 ሲካፈል 3.31 ይሆናል። የሒሳቡ ቢ ወደ ሲ ቢወርድ ድምሩ 36.75፣ ውጤቱም 3.06 ነው። አንድ ኮርስ ብቻውን ሩብ ነጥብ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ገና ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ሳይደርስ በወረቀት ላይ የሠራ ተማሪ፣ ሰዓቱን የት ማዋል እንዳለበት ሌላ ሰው ሊነግረው አያስፈልግም። ከዚያም ኮርሱን በኲዝ፣ በአሳይመንት፣ በሚድና በፋይናል ከፋፍሉት፤ የምትፈልጉት ግሬድ 75 የሚጠይቅ ቢሆንና ከፋይናል በፊት ከ50 የያዛችሁት 38 ቢሆን፣ የቀራችሁ ከ50 ላይ 37 ነው። ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው በፈተና ሰሞን ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ለቢዝነስ ተማሪ በተለይ አጥብቄ የምመክረው የእንግሊዝኛ ጽሑፍን ነው። የወደፊቱ መጻሕፍቶቻችሁ፣ ፈተናዎቻችሁና ሪፖርቶቻችሁ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ጽፎ ለመምህር ወይም ለነባር ተማሪ ማሳረም ቀላልና የሚለካ ግብ ነው። የፍሬሽማን ማስታወሻችሁንም አትጣሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲያልፍ ይጠበቃል፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው፤ ኢኮኖሚክስን በአንደኛ ዓመት ተረድቶ ያለፈ ተማሪ በኋላ የሚመጡትን የዲፓርትመንት ኮርሶች በቀላሉ ይከተላል።

ወደ አመራሩ ስንመጣ ብዙዎች የሚቸኩሉት ለሹመቱ ነው፤ የተማሪዎች ኅብረት አባል ወይም የክበብ ሰብሳቢ ለመሆን። እኔ ግን ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚበጀው፣ ሌሎች ተማሪዎች የሚጠብቁት አንድ ትንሽ ሥራ በእጁ መኖሩ ነው ብዬ አምናለሁ። የክፍል ተጠሪነት ለዚህ ይመቻል። ተጠሪ ለሃንድአውት ኮፒ ገንዘብ ይሰበስባል፤ በዚህ ሥራ ላይ ማን ስንት እንደሰጠ በደብተር መመዝገብ፣ ከኮፒ ቤቱ ደረሰኝ መቀበል፣ የተረፈውን ብር በዚያው ዕለት በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ማሳወቅ በአካውንቲንግ ትምህርት ከሚሰጠው ኦዲት (የሒሳብ ምርመራ) ጋር አንድ ዓይነት ልምድ ነው። ሰፈር ውስጥ የዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ የሚከበሩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ገንዘቡ በእጃቸው እያለፈ ማንም የማይጠራጠራቸው ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው መለማመጃ የግሩፕ ሥራ ነው። በየግሩፑ የሚታየው ችግር የታወቀ ነው፦ አንድ ጎበዝ ተማሪ ሁሉንም ሠርቶ የአምስቱን ስም ይጽፋል። ይህ ደግነት ቢመስልም አራቱን ከትምህርት ያስቀራል፣ አንዱንም አመራር አያስተምረውም። ግባችሁ «በዚህ ሴሚስተር አንድ ግሩፕ እመራለሁ፤ እያንዳንዱ አባልም የራሱን ክፍል በራሱ አፍ ያቀርባል» የሚል ይሁን። ለምሳሌ የኢንተርፕረነርሺፕ አሳይመንታችሁ የአንድ አነስተኛ ንግድ ወጪና ገቢን ማጥናት ቢሆን፣ ከጣና ዳር የተሻለ ቦታ አታገኙም። አንዱ በማለዳ ወርዶ ከአስጋሪዎቹ የቆሮሶና የአምባዛን ዋጋ ይጠይቅ፤ ሌላዋ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ እናት ዘንድ ሄዳ፣ «እትዬ፣ ሥራ ካልያዝሁብዎት ጥቂት ልጠይቅዎት?» ብላ በትሕትና ታነጋግር፤ ሦስተኛው ሰንጠረዡን ይሥራ፤ አራተኛው ይጻፍ፤ አምስተኛዋ ቁጥሩን ታመሳክር። ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ከመሸጫው የዓሣውን መግዣ ቀንሶ የቀረውን ትርፍ ይለዋል። ዘይቱ፣ ከሰሉ፣ ዳጣው፣ የቦታ ኪራዩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከማለዳ እስከ ምሽት የቆመችበት የራሷ ጉልበት አልተቆጠሩም። በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛም የአንድ ቀን ዋጋ ብቻ ይዞ መደምደም አይቻልም፤ ተመልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል። የግሩፑ መሪ ድርሻ የእያንዳንዱን ሰው ሥራና የማስረከቢያ ቀን ጽፎ ለሁሉም መላክ፣ ቀኑ ሁለት ቀን ሲቀረው መጠየቅ፣ የዘገየውንም በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው አነጋግሮ ምክንያቱን መስማት ነው። ከእንግሊዝኛ ጋር የሚታገል ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል።

ግቦቹን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለምታምኑት መምህር ወይም ለነባር ተማሪ አንድ ቅጂ ስጡ፤ ከሚድ ውጤት በኋላ አብራችሁ እንድታዩትም ቀን ቁረጡ። ያን ጊዜ በሁለት ኮርስ ከዕቅዳችሁ በታች ከሆናችሁ፣ መቀነስ ያለበት የተጠሪነቱ ወይም የክበቡ ሥራ ነው እንጂ እንቅልፋችሁ አይደለም። ኃላፊነት ስትለቁ ግን ደብተሩን፣ የቀረውን ብርና ያልተጠናቀቁ ሥራዎችን ዝርዝር ለተተኪው በፊርማ አስረክቡ፤ ርክክቡንም ለክፍሉ በሙሉ አሳውቁ።