«ከልክለነዋል፣ አሁንም ይገባል»፦ የኦዱ ፈቃድ ችግርና መፍትሄ

ኦዱ (Odoo) በተባለው የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ዩዘር መክፈትና ፓስዎርድ መቀየር ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። ከገላን እስከ ሰበታ ባሉ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች «ሲስተሙ ተበላሸ» ተብዬ ስጠራ፣ ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ የፈቃድ ጉዳይ ነው፦ ማን ምን ማየትና መቀየር ይችላል የሚለው።

ሜኑው ጭራሽ አይታይም፦ ዩዘሩ ለዚያ ሞጁል (እንደ ሽያጭ ወይም ግዢ ላለው ክፍል) ግሩፕ፣ ማለትም የፈቃድ ስብስብ፣ አልተሰጠውም። ስጡት።

ሜኑው ይታያል፣ ሲነካ «አክሰስ ኤረር» ይላል፦ መልእክቱን አንብቡት። ምን እንደተከለከለና ለየትኞቹ ግሩፖች እንደሚፈቀድ እዚያው ተጽፏል። ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም «አልሠራም» ብሎ መላክ ማንበብን አይተካም!

አዲሱ የሽያጭ ሠራተኛ የቀድሞውን ትዕዛዞች አያይም፦ ዩዘሩ የራሱን ሰነዶች ብቻ እንዲያይ ነው የተደረገው፤ ትዕዛዞቹ ደግሞ ገና በለቀቀው ሰው ስም ናቸው። ወደ አዲሱ አዛውሯቸው። ሁሉንም እንዲያይ መክፈት ስንፍና ነው። የለቀቀውን አርካይቭ አድርጉት (መዝገቡ ሳይጠፋ ከሥራ ውጭ ይሁን)፤ አታጥፉት።

ከልክለነዋል፣ ግን አሁንም ያያል፣ ያርማል፣ ይሰርዛል፦ ዋናው ይሄ ነው። ኦዱ ውስጥ የግሩፕ ፈቃድ ይደመራል እንጂ አይቀነስም። አሥር ግሩፕ ቢነፍገውና አንዱ ቢሰጠው፣ ተሰጠው ማለት ነው። በዚያ ላይ ግሩፕ ግሩፕን ይወርሳል፤ የበላዩን ስትሰጡ የበታቹ ተከትሎ ይመጣል።

አንድ የብረታ ብረት መጋዘን ውስጥ፣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ የተረከበውን ብዛት ወደኋላ እንዳይቀይር ተብሎ «ገደብ» የሚባል ግሩፕ ተፈጥሮለታል። ማንበብ፣ ማረም፣ መፍጠር፣ መሰረዝ፣ የአራቱም ምልክት ተነስቷል። ሰውዬው እንደልቡ ይቀይራል፤ ሥራ አስኪያጁ ሶፍትዌሩን ይራገማል። በሰውዬው ዩዘር ያለቀ ርክክብ ስከፍት «አንሎክ» የሚለው ቁልፍ፣ የተዘጋውን ለማረም የሚከፍተው፣ ቁጭ ብሎ ይታያል። ይህ ቁልፍ የሚመጣው ለኢንቬንተሪ አስተዳዳሪ ነው። ለካ በቆጠራ ሰሞን አንድ ገጽ አልከፈት ሲለው «አድሚን አድርገውና ይገላግለን» ተብሎ ለጊዜው የተሰጠው ነው። ለጊዜው የተሰጠ አድሚን ተመልሶ ሲነጠቅ አይቼ አላውቅም።

መፍትሄው፦ ዴቨሎፐር ሞድ (የተደበቁ ቅንብሮችን የሚያሳየውን) አብሩ፣ የዩዘሩን ግሩፖች አንድ በአንድ እዩ፣ እያንዳንዱ የሚወርሰውንም ተከትላችሁ ፈትሹ። ፈቃዱን የሚሰጠውን አግኝታችሁ እሱን አንሱ፤ አዲስ ከልካይ ግሩፕ አትፍጠሩ። ከዚያ ተመሳሳይ ግሩፕ ባለው የሙከራ ዩዘር ገብታችሁ ሞክሩ። በራሳችሁ አድሚን የሞከራችሁት ሙከራ አይባልም።

ሜኑ መደበቅ መከልከል አይደለም። ለገጣፎ ያለ አንድ ቢሮ የግዢ ሰነዶችን ሜኑ ደብቆ ተኝቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ሊንኩን በቴሌግራም ተቀባብለውታል።

በሬከርድ ሩልም (ዩዘሩ የትኞቹን ሰነዶች እንደሚያገኝ በሚወስነው ደንብ) ያው ነው፦ የግሩፕ ሩሎች በ«ወይም» ይያያዛሉ፣ ስለዚህ ሲበዙ ያሰፋሉ። ማንም እንዳያልፈው ከፈለጋችሁ ግሩፕ የሌለው ግሎባል ሩል ጻፉ፤ እሱ በ«እና» ነው የሚጨመረው፣ ስለዚህ ያጠባል። ግን ተጠንቀቁ! ከተሳሳታችሁ አድሚኑንም ይዘጋል። በዳታቤዙ ኮፒ ላይ ሞክሩ። ቫት በምታሳውቁበት ሰሞን ደግሞ ጨርሶ አትንኩት።

የዩዘር ክፍያ ለመቆጠብ ብላችሁ ሦስት ሰው በአንድ ዩዘር ካስገባችሁ፣ ማን እንደሰረዘ እኔን አትጠይቁኝ። መዝገቡ የሚያወጣው አንድ ስም ነው።

ፒችትሪን (የሂሳብ ሶፍትዌሩን) በኔትወርክ ለምትጠቀሙ፦ በዊንዶውስ የሼር ፈቃድና የፎልደር ፈቃድ ሲጋጩ ጥብቁ ነው የሚሠራው። የዊንዶውስ ግሩፕ ከቀየራችሁ ደግሞ ሠራተኛው ሎግ አውት አድርጎ እንደገና ይግባ፤ እስከዚያ በድሮው ፈቃድ ነው የሚሠራው።