ረቂቅን መንገድ ላይ የሚያስቀሩ ስህተቶች

በወሎ ልብወለድ የሚጀምር ሰው ብዙ ነው፤ የሚጨርሰው ግን ጥቂት ነው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልዲያ ረቂቃቸውን የሚያሳዩኝ ወጣቶች ተሰጥኦ አላነሳቸውም። ገጸ ባሕርያቸው ሲናገር የሰፈራችሁ ሰው የተናገረ ይመስላችኋል። መንዙማና እንጉርጉሮ እየሰማ ያደገ ሰው የዓረፍተ ነገር ዜማ አይጠፋውም። እጃቸውን የሚይዛቸው ሌላ ነገር ነው፤ በቀን ምን ያህል እንደሚጽፉ፣ መቼ እንደሚያርሙና መቼ እንደሚያቆሙ የወሰኑት ነገር የለም።

እኔ በጽኑ የማምነው መጻፍና ማረም ሁለት ሥራዎች መሆናቸውን ነው። የሚሠሩበት ጊዜ ይለያል፤ የሚለኩበትም መለኪያ ይለያል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ሁለቱን ደባልቆ ከመሥራት የሚመጡ ናቸው።

የሌላ ሰው የቀን ልክ መዋስ

አሜሪካዊው ልብወለድ ደራሲ ስቲቨን ኪንግ ስለ ድርሰት ሥራ በጻፈው መጽሐፉ በቀን 2,000 ቃል የመጻፍ ልማድ እንዳለው ተናግሯል። ይህን ያነበበ የደሴ መምህር ከክፍል ወጥቶ፣ የተማሪ ደብተር አርሞ፣ ማታ በሦስት ሰዓት ተቀምጦ ያንኑ ሊሞክር ይነሳል። ለጥቂት ቀናት ይሄድለታል። ከዚያ አንድ ምሽት 400 ቃል ጽፎ ይደክመዋል፤ በማግስቱ «እኔ ጸሐፊ አይደለሁም» ይላል። 400 ቃል ግን ለአንድ መምህር ምሽት መልካም ምርት ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ግሬሃም ግሪን ለብዙ ዓመታት በቀን 500 ቃል ያህል ጽፎ ያቆም ነበር፤ በዚያ አካሄድ ከሃያ በላይ ልብወለዶች አሳትሟል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። የእንግሊዝኛ ቃልና የአማርኛ ቃል በቁጥር አይመጣጠኑም። አማርኛ አድራጊውን፣ ተደራጊውንና አሉታውን በአንድ ግሥ ላይ ስለሚያሳርፍ «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ይፈጃል። ስለዚህ የእነሱን 2,000 እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት ራስን ያለ ጥፋት መቅጣት ነው። ኮምፒውተር ላይ የምትጽፉም ቆጣሪው ቃልን የሚለየው በክፍተት መሆኑን አስታውሱ፤ ከአራት ነጥብ በፊት ክፍተት የመተው ልማድ ካላችሁ አራት ነጥቡም እንደ ቃል ይቆጠርላችኋል።

የራሳችሁን ልክ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ያህል ሳትጨነቁ ጻፉና በየቀኑ የወጣውን መዝግቡ። ከፍተኛውን ቁጥር ተዉት፤ በደከማችሁበት ቀን እንኳ የወጣውን ያዙ። 300 ቃል ሆነ እንበል። በሳምንት አምስት ቀን ቢጻፍ 1,500 ይሆናል፤ የ60,000 ቃል ልብወለድ ረቂቁ በ40 ሳምንት ያልቃል። በመስከረም መባቻ የጀመረ ሰው ሰኔ ላይ ይጨርሳል ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ በየቀኑ መልሶ መጻፍ

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ረቂቅ የቀበረው ይህ ስህተት ነው።

የአንድ ወጣት ሥራ ላንሳ። ልብወለዱ የሚጀምረው አንድ አውቶቡስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በጉም ውስጥ ሲወርድ ነው። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የአስፋልቱን ጠርዝ ለሾፌሩ ይነግረዋል። ከኋላ መቀመጫ አንዲት እናት ዱዓ ታደርጋለች፤ አጠገቧ ያለችው ታማትባለች፤ በመካከላቸው የተኛውን ሕፃን ሁለቱም በአንድ በአንድ እጃቸው ይዘውታል። ውብ ምዕራፍ ነው። ጸሐፊው ይህንኑ ምዕራፍ ሲያሽሞነሙን ከዓመት በላይ ከርሟል። ሁለተኛው ምዕራፍ ግማሽ ላይ ቆሟል፤ ሦስተኛው የለም። ሕፃኑ የማን እንደሆነ ስጠይቀው «ገና አልወሰንኩም» አለኝ።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕፃኑ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ያ ምዕራፍ ሊታረም አይችልም። ዓረፍተ ነገሩ ሊለሰልስ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የትኛዋ ሴት ሕፃኑን ጠበቅ አድርጋ እንደምትይዘው፣ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ማን ቀድሞ እንደሚወርድ፣ ረዳቱ በታሪኩ ውስጥ ተመልሶ ይምጣ አይምጣ የሚወስነው መጨረሻው ነው። መጨረሻው ደግሞ ወደፊት ካልተጻፈ አይገኝም። በየማለዳው ወደ ገጽ አንድ የሚመለስ ሰው ሥራ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ድካሙም እውነተኛ ድካም ነው፤ አውቶቡሱ ግን ዛሬም ሐረጎ ላይ ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ብዙ የተደከመበት ገጽ ለመቁረጥ ያሳሳል። ታሪኩ ያንን ምዕራፍ እንደማይፈልገው በኋላ ቢታወቅ እንኳ ጸሐፊው ምዕራፉን ለማትረፍ ሲል ታሪኩን ያጣምማል። እንዲህ የተጣመሙ ልብወለዶች ታትመውም አይቻለሁ፤ መግቢያቸው ያማረ፣ መሃላቸው ግራ የተጋባ።

በረቂቅ ወራት ወደ ኋላ የሚነበበው ትናንት የተጻፈው የመጨረሻ ገጽ ብቻ ይሁን፤ እሱም የታሪኩን ድምፅ መልሶ ለመያዝ እንጂ ለማረም አይደለም። የሚስተካከል ነገር ትዝ ሲላችሁ በሌላ ደብተር ላይ አስፍሩት። «ምዕራፍ ሁለት ላይ አጎቱ በሕይወት አይኑር» ብላችሁ ጻፉና ከዛሬው ገጽ ጀምሮ አጎቱ እንደሞተ አድርጋችሁ ቀጥሉ። ረቂቁ እርስ በርሱ ይጋጫል። ይጋጭ፤ ከእናንተ በቀር የሚያየው የለም።

አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ የቀኑን ሥራ የሚያቆመው ቀጥሎ የሚሆነውን እያወቀ ነበር። ይህ ልማድ ቀኑን ሌላ ሥራ ላይ ለሚውል ሰው በተለይ ይጠቅማል። ሁለት ሰዎች መነጋገር ከጀመሩ ንግግራቸውን ሳትጨርሱት ተኙ፤ በማግስቱ መልሱን ለመጻፍ ትቸኩላላችሁ።

ሰፊ ጊዜ እስኪገኝ መጠበቅ

መምህሩ «ክረምት ሲመጣ እጽፋለሁ» ይላል፤ የግብርና ባለሙያው «መኸሩ ይግባና» ይላል። ክረምቱ የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል፤ ከመኸር ቀጥሎ ጥር ነው፣ ጥር ደግሞ ሰርግ ነው፤ በመካከሉ ለቅሶ አለ፣ ዕድር አለ። ሰፊ ጊዜ አይመጣም።

ልብወለድ ደራሲው አንቶኒ ትሮሎፕ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሠራተኛም ነበር። በኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11፡30 ጠረጴዛው ላይ ይገኛል፤ እስከ ጠዋቱ 2፡30 ይሠራል፤ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ከራሱ ይጠይቃል። ፍጥነቱን አልመክርም፤ ጥቂት ሰው ነው የሚችለው። የሚቀናበት ነገር ሰዓቱ የታወቀ መሆኑ ነው።

የታወቀ ሰዓት ማለት ዓመቱን ሙሉ የማይነቃነቅ ሰዓት ማለት አይደለም። በረመዳን ማታው የኢፍጣርና የተራዊህ ነው፤ ከስሑር በኋላ ግን ቤቱ ጸጥ የሚልበት ጊዜ አለ። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ማለዳው ይተርፋል። ወቅቱ ሲቀየር ሰዓቱን አዛውሩት። መብራት ሲጠፋ የምትቀጥሉበት ደብተር ይኑራችሁ፤ ላፕቶፕ ካልበራ የማይጽፍ ሰው በመብራት ኃይል ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ነው። ያመለጠ ቀን ደግሞ ዕዳ ሆኖ አይመዝገብ። ለቅሶ የዋለ ሰው በማግስቱ የሁለት ቀን ልክ ልጻፍ ካለ የሁለቱንም ያጣዋል።

እርማትን ቃል መቀየር ብቻ አድርጎ ማየት

ረቂቁ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዕረፍት ነው። ኪንግ ቢያንስ ስድስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት ይላል፤ በዚህ እስማማለሁ። ከዚያ እስክሪብቶ ሳይያዝ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። የመጀመሪያው ዙር እርማት ትልልቁን ጉዳይ ያያል፤ ማን ምን ፈለገ፣ ምን ከለከለው፣ የትኛው ትዕይንት ቢወጣ ታሪኩ ሳይጎድል ይቆማል። በዚህ ዙር ኮማ ማስተካከል ጊዜ ማባከን ነው፤ ያስተካከላችሁት ገጽ ነገ ሊቆረጥ ይችላል።

ጊዜና ቦታም በዚሁ ዙር ይመረመራሉ። ባለታሪካችሁ ሐሙስ ዕለት ባቲ ገበያ ከዋለች የወሎ አንባቢ እዚያው ላይ ይጥላችኋል፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ከደሴ ስትወጣ የደረበችውን ጋቢ ባቲ ሙቀት ውስጥ ስትገባ የት አደረገችው? በሚያዝያ የደጋ ገበሬ ሰማይ ሰማይ የሚያየው የበልግ ዝናብ ስላለው ነው፤ ሚያዝያን ድፍን በጋ አድርጎ የጻፈ ሰው የአገሩን ዓመት ሳያይ ጽፏል።

ሁለተኛው ዙር ትዕይንት በትዕይንት ነው። ረቂቁ ላይ እንዲህ ተጽፏል እንበል፦ «ዘይነባ ደብዳቤውን ስታነብ በጣም አዘነች። ልቧ ተሰበረ። የምታደርገው ጠፋት።» ለረቂቅ ይበቃል። ብዙዎች ይህን ሲያርሙ «በጣም አዘነች» የሚለውን «ጥልቅ ሐዘን ወረራት» ያደርጉታል። ቃሉ ከበደ እንጂ ዘይነባ አልታየችም። ወደ ቤቷ ገብቶ የሚያርም ሰው ግን ይህን ሊጽፍ ይችላል፦ «ዘይነባ ደብዳቤውን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ጀበናው ገንፍሎ ረመጡን አጠፋው። እናቷ ‹ኧረ ቡናው!› አሏት። ዘይነባ ባዶውን ሲኒ አንስታ ለእንግዳው አቀበለችው።» ሐዘን የሚል ቃል የለበትም፤ ባዶው ሲኒ ግን በእንግዳው እጅ ላይ አለ። እርማት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ በረቂቅ ጊዜ በችኮላ የታለፈውን ክፍል ገብቶ ማየት።

የዓረፍተ ነገር እርማት ሦስተኛ ይመጣል፤ ጮክ ብሎ በማንበብ ይሠራል፤ ምላስ የተደናቀፈበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል። ኪንግ ሁለተኛው ረቂቅ ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ ይቀንስ የሚል ቀመር አለው። አብዝቶ ለሚጽፍ ሰው ጥሩ ምክር ነው። ነገር ግን ከማያቸው ረቂቆች ብዙዎቹ የሚጎድላቸው ትዕይንት ነው፤ ማብራሪያቸው ተቆርጦ ትዕይንታቸው ሲጨመር በድምሩ የሚረዝሙ አሉ፤ መርዘማቸውም ትክክል ነው።

የፊደል እርማት መጨረሻ ላይ ይደረጋል። አንዱን ሰው «ሐሰን»፣ «ሀሰን» እና «ሃሰን» ብላችሁ ጽፋችሁት ከሆነ ኮምፒውተሩ በፍለጋ የሚያገኝላችሁ የተየባችሁትን አንዱን ብቻ ነው። የሰውና የቦታ ስሞችን አጻጻፍ በአንድ ገጽ ላይ ዘርዝራችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሱን ተከተሉ። ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ ላይም እንዲሁ።

የእርማትን ቀን በቃል ብዛት መለካት

ረቂቅ ላይ 300 ቃል የለመደ ሰው እርማት ላይ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ 200 ቃል ቀንሶ ሲነሳ የከሰረ ይመስለዋል። የእርማት ቀን ልክ የሚፈታ አንድ ችግር ነው፤ «ዛሬ የዘይነባንና የእናቷን ትዕይንት እፈታለሁ» ተብሎ ይቀመጣል፤ ከተፈታ ቀኑ ሞልቷል። ጊዜውን በሰዓት መወሰንም ይቻላል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ያረመ ዓይን ስህተት ማለፍ ይጀምራል።

ያልበሰለ ረቂቅ ማሳየት፣ የበሰለውንም በደፈናው መጠየቅ

ያላለቀ ልብወለድን ለሰው ማንበብ ሁለት አደጋ አለው። ከተመሰገነ ጸሐፊው የጨረሰ ያህል ይረካና ይቆማል፤ ከተነቀፈ ደግሞ ያልተወለደውን ክፍል ይጥለዋል። የመጀመሪያው ረቂቅ እስኪያልቅ በር ተዘግቶ ይጻፍ።

ካለቀና አንድ ዙር ከታረመ በኋላ ግን የቡና ላይ ጉባኤን የሚያክል አድማጭ የለም። የኛ ሰው ደግ ነው፤ «እንዴት ነው?» ብትሉት «ማሻ አላህ፣ ጥሩ ነው» ብሎ ይመርቃችኋል። ምርቃቱን ተቀበሉ፤ ጥያቄውን ግን ለውጡ። «አሁን ያቺን ልጅ ምን ያገኛታል ትላላችሁ?» በሉ። አድማጮቹ የሚገምቱት ነገር ካላቸው ታሪኩ ይዟቸዋል። አንዲት እናት «የቷ ልጅ?» ካሉ የሚታረመው ገጽ ታወቀ። ስታነቡ ዓይናችሁ ገጹ ላይ ብቻ አይሁን፤ ሲኒ የሚሰበሰበው፣ ጨዋታ የሚጀመረው የትኛው አንቀጽ ላይ እንደሆነ አስተውሉ። ከአንድ ሰው በላይ የሰለቸበትን ቦታ አትከራከሩለት።

እርማትን አለማቆም

ሄሚንግዌይ የአንድ ልብወለዱን የመጨረሻ ገጽ 39 ጊዜ እንደጻፈው ተናግሯል፤ ፈረንሳዊው ደራሲ ፍሎቤር ለአንድ ልብወለድ አምስት ዓመት ያህል ፈጅቷል። ይህ የሚነገረው ለትጋት ነው፤ አንዳንዱ ግን መጽሐፉን ላለመልቀቅ ምክንያት ያደርገዋል። ማቆሚያውን የሚያሳይ ምልክት አለ። ባለፈው ዙር ያወጣችሁትን ቃል በዚህ ዙር መልሳችሁ ስታስገቡ ራሳችሁን ካገኛችሁት፣ የምታደርጉት ለውጥ ታሪኩን የተሻለ ሳይሆን የተለየ ብቻ እያደረገው ነው። በዚያ ሳምንት ለአርታኢ ስጡት። ከሰጣችሁ በኋላ ፋይሉን አትክፈቱት፤ እሱ በአንዱ ቅጂ ላይ እያረመ እናንተ በሌላው ላይ ከሠራችሁ፣ ሁለቱን መልሶ አንድ ማድረግ ራሱን የቻለ የወር ሥራ ይሆንባችኋል።